ግማሽ እርምጃ

እንድሪስ ሙሄ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው አንድ መንገድ ሄዷል። ከማኅበሩ በር ይነሳል፤ የሰኞ ገበያን አጥር ይዞ ይዞራል፤ የድንጋዩን ደረጃ ይወርድና አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያበቃል። ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ዝናብም ቢጥል፣ ውርጭም ቢሆን፣ ረመዳንም ቢገባ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ከበሩ ወጥቷል።

ጆሮው ውስጥ የተሰካው መሪ በዚህ መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ ጊዜ ይናገራል። «ወደ ቀኝ ዙር» ይላል። «ቁም፣ ጠርዝ ነው» ይላል። «እለፍ፣ መኪኖቹ ቆመዋል» ይላል። እንድሪስ ሠላሳ አንዱንም በቃሉ ያውቃቸዋል። ሥራው መሪው ትናንት ያለውን ዛሬም እዚያው ቦታ ላይ ማለቱን ማረጋገጥ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና፣ የብሬል መጻፊያውን ከኪሱ አውጥቶ የዕለቱን ውጤት ይመዘግባል። ከዚያ ለማኅበሩ አባላት በሙሉ በድምፅ አንድ መልእክት ይልካል፤ «መንገዱ እንደ ትናንቱ ነው።»

በዚያ ሰዓት በደሴ ከተማ አንድ መቶ ስልሳ ሁለት ዓይነ ስውራን ጫማቸውን አጥልቀው፣ ቦርሳቸውን አንግተው፣ በየበራቸው ጀርባ ቆመው ይጠብቃሉ። መልእክቱን ሲሰሙ በሩን ከፍተው ይወጣሉ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ነጭ በትር የሚይዝ ሰው የለም። መኪኖቹ ድምፅ ስለሌላቸውና ሾፌር ስለሌላቸው፣ በትር የያዘ ሰው በጆሮው ሊያመልጣቸው አይችልም፤ መኪኖቹ የሚቆሙት መሪው ሲነግራቸው ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በታች ያሉት አባላት በትር ጨብጠውም አያውቁም።

መሪው የሚኖረው ማደሪያ የሚባል ድርጅት በሚያከራየው የጋራ ሰርቨር ላይ ነው። በዚያው ሰርቨር ላይ ሌሎች አራት መቶ ደንበኞች አሉ፤ የልብስ ስፌት ቤት፣ የሠርግ አዳራሽ፣ አትክልት አከፋፋይ፣ የመንጃ ፈቃድ የሌለበት ዘመን የረሳው አንድ የመንጃ ትምህርት ቤት ጭምር። ማኅበሩ ለብቻው ሰርቨር የመያዝ አቅም የለውም። ድርጅቱ ከሥር ያለውን ሶፍትዌር ሲነካ ለአራት መቶውም ይነካል፤ ለአንዳቸውም ግን አይናገርም። በሁለት ሺህ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት አንድ ቀን መሪው ለአሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ግራውን ቀኝ ሲል ቆየ። በእነዚያ ደቂቃዎች ሁለት ሰው ሞተ። ማደሪያ በዚያን ዕለት ያወጣው መግለጫ ሁሉም አገልግሎት በመደበኛ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ የሚገልጽ ነበር። ማኅበሩ ፈታሽ የቀጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንድሪስ ሲቀጠር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሁን ሃምሳ ሦስት ሞልቶታል፤ ቀኝ ጉልበቱ ደረጃ ላይ ይይዘዋል። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ «ዛሬ አትውጡ» ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ጉንፋን ጆሮውን ደፍኖት ኖሯል። በሁለተኛው ምን እንደነካው እስካሁን አያውቅም፤ አንድ «ዙር» የዘገየ መስሎት ነበር፤ ተመልሶ ሲሄድ ግን ቦታው ላይ አገኘው። በሁለቱም ቀን አንድ መቶ ስልሳ ሁለት ሰው ጫማውን አውልቆ ቤቱ ዋለ። አንዱ ፈተና አመለጠው። አንዷ ከሥራ ተባረረች። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ እልፍነሽ ከማለዳ እስከ ማታ የስሞታ ስልክ ስታነሳ ዋለች።

ማክሰኞ ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን እንድሪስ እንደ ወትሮው ወጣ። የደረጃው አፋፍ ላይ ሲደርስ መሪው «ቁም፣ ጠርዝ ነው» አለው። ቆመ። የቀኝ እግሩን ቀስ አድርጎ ወደፊት ሲሰድ የጫማው አፍንጫ ወዲያው የጠርዙን ድንጋይ ነካ።

ባለበት ቀረ። የወትሮው ሌላ ነው። «ቁም» ከተባለ በኋላ አንድ ሙሉ እርምጃ ይሄዳል፤ ገና ትርፍ ይቀረዋል፤ ያ ትርፍ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አብሮት የኖረ ነው። ዛሬ ትርፉ የለም።

ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ ተመልሶ እንደገና መጣ። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ጉልበቱ ያዘውና አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ትርፍ ያለ መሰለው። ወይም እግሩን አሳጥሮ ረግጦ ይሆናል። ከእንግዲህ በእርምጃው መማል አልቻለም።

አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወደ ማደሪያ ደወለ። ያነሳችው ረድኤት የምትባለዋ ናት። እንድሪስ ረድኤት ሰው ትሁን አትሁን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አረጋግጦ አያውቅም፤ ድምፅዋ ግን አንድም ቀን አላረጀም።

«እንደምን አደሩ አቶ እንድሪስ። በምን ልርዳዎት?»

«ትናንት ማታ የነካችሁት ነገር አለ?»

«ምንም ለውጥ አልተደረገም። ሁሉም አገልግሎት በመደበኛ ሁኔታ ላይ ይገኛል።»

«ጠርዝ ላይ ‹ቁም› የሚለው ዘግይቶብኛል።»

«በስንት?»

«በግማሽ እርምጃ።»

«አቶ እንድሪስ፣ የእርስዎ እርምጃ ካለፈው ዓመት ወዲህ በአራት ሴንቲ ሜትር አጥሯል። በመዝገባችን ላይ ይታያል። ሐኪም ቢያዩት ይመከራል።»

እንድሪስ ስልኩን ዘጋው። ፊቱ ላይ ያረፈው ጉም ቀዝቃዛ ነበር። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ወይዘሮ እልፍነሽ ናት።

«ምነው ዛሬ ቆየህ? ሰው በር ላይ ቆሟል እኮ።»

«እትዬ፣ አንድ ነገር አላማረኝም።»

«ምኑ?»

«‹ቁም› የሚለው። የደረጃው ላይ።»

«ማደሪያዎች ምን አሉህ?»

«ምንም የለም አሉ። እርምጃህ አጥሯል አሉኝ።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እሷም ዓይነ ስውር ናት፤ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷም ጫማዋን አድርጋ በሯ ጀርባ ቆማለች። «አጥሯል እንዴ?»

«አጥሮ ይሆናል።»

«እንድሪስ ወንድሜ፣ አንተን ለመጫን አይደለም። ግን በወር ሦስተኛ ጊዜ ሊሆን ነው። ዛሬ ደግመህ ካስቀረሃቸው ከእንግዲህ ማንም አይሰማህም። እርግጠኛ ከሆንክ አስቀራቸው። እርግጠኛ ነህ?»

እርግጠኛ አልነበረም። ደክሞት ነበር። ቤቱ ገብቶ ጉልበቱን በሙቅ ውሃ መያዝ ነበር ያማረው። የሆነው ይኸው ነው፤ በኋላ ደጋግሞ ሲያስበው ሌላ ትልቅ ምክንያት ሊያገኝለት አልቻለም።

«መንገዱ እንደ ትናንቱ ነው» ብሎ ላከ።

ዘይነባ አደም ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በከፍተኛው ፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል በብሬል መኪና ትመዘግባለች። ሁለት ሰዓት ላይ ችሎቱ ከመሰየሙ በፊት ወንበሯ ላይ መገኘት ስላለባት ፈጥና ነው የምትራመደው፤ በማኅበሩ ውስጥ በእርምጃ የሚቀድማት የለም። በፍርድ ቤቱ ጓሮ በኩል ዘጠኝ ደረጃ አለ። መሪው «ቁም፣ ጠርዝ ነው» ሲላት፣ እግሯ አየር ላይ ነበር። የሚቀጥለው እርምጃዋ መሬት አላገኘም።

እንድሪስ የሰማው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የጭን አጥንቷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች።

ወይዘሮ እልፍነሽ ሁሉንም ባሉበት እንዲቆዩ አደረገቻቸው። ከዚያ ለእንድሪስ ደወለች፤ አልወቀሰችውም። «አሁን ማረጋገጫ ነው የምንፈልገው» አለችው። «ያለዚያ ‹ሮጣ ወደቀች› ይሉናል። ማደሪያ ለሆስፒታሉ እንደዚያ ብሏል አሉ። ‹ተጠቃሚዋ ከሚመከረው ፍጥነት በላይ ትሄድ ነበር› ብሎ።»

እንድሪስ ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ለብቻው ተቀመጠ። እጁ ላይ ያለው ማስረጃ የገዛ እግሩ ብቻ ነው፤ እግሩን ደግሞ ማንም አያምንም፤ እሱም ራሱ አያምንም። በእግሩ የማይሠራ ሰው ያስፈልገዋል። በዚያው ሰርቨር ላይ የሚኖር፣ ግን መንገድ የማይሄድ ሰው።

ማኅበሩ ውሉን ሲፈርም የተሰጠው የጎረቤት ደንበኞች ዝርዝር መሳቢያ ውስጥ ነበር። አሮጌ ነው፤ ግማሾቹ ከስመዋል። ከላይ ጀምሮ መደወል ያዘ። የሠርግ አዳራሹ ምንም አላየሁም አለ። የመንጃ ትምህርት ቤቱ አልተነሳም። አንድ ወፍጮ ቤት «ምን ልትሸጥልኝ ነው?» ብሎ ዘጋበት። አሥራ ሰባተኛው ፒያሳ ያለ የልብስ ስፌት ቤት ነበር። ያነሱት ባለቤቷ ወይዘሮ ስንቅነሽ ናቸው።

«ይቅርታ እናቴ፣ እንድሪስ እባላለሁ፤ ከዓይነ ስውራን ማኅበር ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ ነው ያለነው። ካለፈው ሌሊት ወዲህ ሥራዎ ላይ የተለየ ነገር አላዩም?»

«የተለየ ምን?» ድምፃቸው የተሰላቸ ነው።

«ልኬት። ቁጥር። የጎደለ ነገር።»

ከጀርባቸው ይሰማ የነበረው የመኪና ድምፅ ቆመ።

«ከየት ሰማህ?» አሉት።

«ከየትም አልሰማሁም። እየጠየቅሁ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የመቁረጫ መኪናው የቆረጠው አምስት ሱሪ ሁሉም ጠቦ ወጣ። በጥቂቱ ነው፤ ግማሽ ሴንቲ ቢሆን ነው። ልኬቱን የወሰድኩት በእጄ ነው፤ መኪናው የሚቆርጠው ደግሞ እኔ በሰጠሁት ቁጥር ነው። እና እጄ ነው አልኩ። አርባ ዓመት ስለካ የኖርኩበት እጅ ከዳኝ አልኩ። ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም። ሱቁን ዝጊ ትለኛለች ብዬ።»

«ልኬቱ ላይ ተኩል ያለበት ነበር?»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማው። «ሰባ ሰባት ተኩል… ዘጠና አንድ ተኩል… አዎ። አምስቱም ተኩል አላቸው።»

«የወጣውስ?»

«ሰባ ሰባት። ዘጠና አንድ።» ወይዘሮ ስንቅነሽ ድምፃቸው ተቀየረ። «ተኩሉን በልቶታል።»

እንድሪስ የውሉን የብሬል ቅጂ ከመሳቢያው አወጣና በጣቱ ፈለገው። አራተኛው ገጽ ላይ ነበር። መሪው ማንኛውም ጠርዝ አንድ ተኩል እርምጃ ሲቀረው ያስጠነቅቃል ይላል፤ አንድ እርምጃ ሰባ ሴንቲ ሜትር ነው ይላል። ድምሩ መቶ አምስት ይመጣል።

«እናቴ» አላቸው፣ «ሜትርዎን ይዘው ሰኞ ገበያ ድረስ ቢመጡልኝ ውለታዎን አልረሳም።»

ወይዘሮ ስንቅነሽ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። የሚለኩበት ሜትር አንገታቸው ላይ ነበር፤ ሲቀርቡ የጠመኔና የአዲስ ጨርቅ ሽታ አብሯቸው መጣ። እንድሪስ ወደ ደረጃው ይሄዳል፤ መሪው «ቁም» ሲለው ይቆማል፤ እሳቸው ተንበርክከው ከጫማው አፍንጫ እስከ ድንጋዩ ጠርዝ ይለካሉ።

«ሰባ» አሉ።

ሌላ ጠርዝ ሄዱ። ሰባ። መሻገሪያው ላይ፣ ሰባ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያቸው ጀመር። አንድ ሰው «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» ሲል እንድሪስ ሰማው። ጉልበቱ ነዝሮት ነበር፤ ወይዘሮ ስንቅነሽም በተንበረከኩ ቁጥር ወገባቸውን ይዘው «ኧረ እመ አምላክ» እያሉ ነው የሚነሱት። ሰባት ቦታ ለኩ። ሰባቱም ሰባ ነው። እርምጃው ቢረዝምም ቢያጥርም ለውጥ የለውም፤ መሪው የሚቆጥረው የእሱን እግር ሳይሆን መሬቱን ነበር።

«እግርህ ምንም አልሆነም» አሉት ወይዘሮ ስንቅነሽ፣ ሜትሩን እየጠቀለሉ።

እንድሪስ ደስታ አልተሰማውም። ማለዳ ላይ ይህን ያውቀው ነበር። በእግሩ ያውቀው ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለረድኤት ሰባቱን ልኬትና አምስቱን ሱሪ ዘረዘረላት። ወይዘሮ ስንቅነሽ አጠገቡ ቆመው ያዳምጣሉ።

«ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን» አለች ረድኤት። «ሰኞ ሌሊት ማሻሻያ ተደርጓል። አንድ ደንበኛ ቁጥሮች ሁሉ ሙሉ ሙሉ እንዲሆኑለት ጠይቆ ነበር።»

«ጠዋት ምንም ለውጥ የለም ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ማሻሻያ ለውጥ አይደለም አቶ እንድሪስ። የማስታወቅ ግዴታ ያለብን ለውጥ ሲኖር ነው።»

ወይዘሮ ስንቅነሽ ስልኩን ከእጁ ነጠቁት። «ስሚ አንቺ! አንዲት ልጅ ጭኗ ተሰብሮ ተኝታለች!»

«አዝናለሁ። ሌላ የምረዳችሁ ነገር አለ?»

ወይዘሮ እልፍነሽ ልኬቱን በሰነድ አዘጋጅታ ለከተማው የመንገድ ደህንነት ቢሮ ላከችው፤ ለማደሪያም ቅጂ ደረሰው። መልስ አልመጣም። ረቡዕ ማለዳ እንድሪስ ደረጃው ላይ ሲደርስ መሪው «ቁም» አለው፤ አንድ ሙሉ እርምጃ ሄዶ ገና ትርፍ ቀረው። ሌሊቱን መልሰውታል። መመለሱንም አልተናገሩም። የማደሪያ መግለጫ እንደ ትናንቱ ነው፤ ሁሉም አገልግሎት በመደበኛ ሁኔታ ላይ ይገኛል።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደ። ዘይነባ ነቅታለች፤ እግሯ በብረት ተወጥሮ ተሰቅሏል። አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጡት እናቷ ወንበር ሰጥተውት ወጡ።

«ጋሼ እንድሪስ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አላህ ይማርሽ።»

«አሚን። ሶፍትዌሩ ነው አሉኝ። ስሮጥ ነው ብለው ሲያበቁ።»

«ሶፍትዌሩ ነው። ተኩሉን ቆርጦት ነው። አሁን ተመልሷል።»

«አልሃምዱሊላህ።» ቀጠል አድርጋም፣ «አንተ ግን ጠዋት አልፈህበት የለ እንዴ? እንዴት ሳትሰማው ቀረህ?» አለችው። ጥያቄው የክፋት አልነበረም። ሰው እንደሚያሳስበው ሰው ነው የጠየቀችው፤ አሞትስ እንደሆን ብላ።

መልሱን ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ይዞት ነበር።

«ሰምቼው ነበር» አላት።

ቀና ልትል ስትሞክር አልጋው ተንሳጠጠ።

«ሦስት ጊዜ ሄድኩበት። በሦስተኛው ተጠራጠርኩ። እግሬ መሰለኝ። ባለፈው ወር ሁለቴ አስቀርቻችሁ ነበር። እንደገና ብሳሳት ብዬ ፈራሁና…»

«እና ውጡ አልከን።»

«አዎ።»

ኮሪደሩ ላይ ጋሪ እየተንኮሻኮሸ አለፈ። ዘይነባ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ለእኔ ብቻ ነው የነገርከኝ?»

«ላንቺ ብቻ ነው።»

«ለምን?»

«የተጎዳሽው አንቺ ነሻ።»

«እና አሁን ቀለለህ?» ትራሷ ላይ ወደ እሱ ስትዞር አንሶላው ተንኮሻኮሸ። «ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ ስድስት ወር የትም አልሄድም። ነገ ጠዋት በር ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። እነሱ አያውቁም። እኔን ይቅርታ ጠይቀህ እነሱን ዝም ካልክ፣ ከነዚያ ማደሪያ ከምትላቸው በምን ትለያለህ?»

እናቷ ተመልሰው ገቡ። እንድሪስ ተነሳ። «እሺ» ብሎ ወጣ።

ሐሙስ ማለዳ ስድስት መቶ አርባውን እርምጃ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ አንዱም ቦታቸው ላይ ናቸው። መልእክቱን ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አጠፋው። በመጨረሻ ሳይሰናዳ ተናገረው።

«እንድሪስ ነኝ። ዛሬ ሁሉም ቦታው ላይ ነው፤ መውጣት የምትፈልጉ ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ይህን ስሙ። ማክሰኞ ‹ቁም› የሚለው መዘግየቱን ሰምቼ ነበር። የእኔ ድካም መስሎኝ እንደ ትናንቱ ነው አልኳችሁ። አልነበረም። ዘይነባ የወደቀችው በእኔ ቃል ወጥታ ነው። ሌላ ፈታሽ ብትፈልጉ ለእትዬ እልፍነሽ ንገሯት፤ እኔ አልቀየምም።»

ላከውና እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

የመጀመሪያው ስልክ ወዲያው መጣ። አንድ ወጣት ነበር፤ ሰደበውና ዘጋ። እንድሪስ ስድቡን እስከ መጨረሻው ሰማው። ሁለተኛው የመጣው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። አባ ይመር ናቸው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩት፣ የማኅበሩ አንጋፋ አባል።

«እንድሪስ።»

«አቤት አባ።»

«ማክሰኞ ዕለት ከመስጊድ ስወጣ ደፉ ላይ ተደናቅፌ ነበር።» ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹ቁም› ሲለኝ ወዲያው ጠርዙ ላይ ነኝ። አርጅቻለሁ አልኩ። ከእንግዲህ ለብቻዬ አልወጣም ብዬ ነበር ለራሴ። ለማንም አልነገርኩም።»

እንድሪስ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሌላ ስልክ ገባ። ከሥራ የተባረረችው ሴት ነበረች። ገራዶ በኩል አንድ ቦይ አፋፍ ላይ እግሯ ተንጠልጥሎ ለጥቂት ተርፋለች፤ የተጣደፈችው ሥራ ፍለጋ ስለሆነ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋው ነበር። ከእሷ በኋላ አንድ የሙዚቃ መምህር ደወለ። ከእሱ በኋላ ወይዘሮ እልፍነሽ ራሷ ደወለች፤ «እኔም» አለች። «የቢሮው መግቢያ ላይ። አንተን እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ከጠየቅሁህ ከአንድ ሰዓት በኋላ።»

ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ጉልበቱን ማሞቅ ጀመረች። አውቶቡሶቹ ያለ ድምፅ መጥተው ያለ ድምፅ ሄዱ። እንድሪስ የብሬል ወረቀቱን አግዳሚው ላይ ዘርግቶ የእያንዳንዱን ስም፣ ቦታና ሰዓት ይወጋ ጀመር። አሥራ አንድ ሲሞሉ ጣቱ ዛለ። አሥራ ዘጠኝ ሲሞሉ ወረቀቱ አለቀበትና የትናንቱን ገልብጦ ቀጠለ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አዲስ አባል ናት፤ ድምፅዋን አያውቀውም። «የኔ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል» ብላ ጀመረች።

«ግድ የለም» አላት እንድሪስ፣ መጻፊያውን ወረቀቱ ላይ እያስተካከለ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ። የት ጋ ነበርሽ?»